መድኃኒቱም ስሙን ይናገር!

ዛሬ ፖለቲካም የለም፣ ኳስም የለም። ዛሬ የምንጨቃጨቀው ስለ ብጉር ነው። አዎ፣ ስለ ብጉር! ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ ይፈቀዳል። ግን መጀመሪያ አሥራ ሰባት ዓመታችሁ እያለ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማችሁ "ዛሬስ ትምህርት ቤት ብቀርስ?" ያላችሁበትን ቀን አስታውሱ። ከዚያ ሳቁ።

አበው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ። ጥሩ ተረት ነው፤ ለብጉር ግን አይሠራም። ብጉር የማይደበቅ በሽታ ነዋ! ግንባር ላይ ተቀምጦ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ራሱን ያስተዋውቃል። እኛ አገር የሚደበቀው መድኃኒቱ ነው። ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚቀባ፣ ማን እንደቀመመው፣ ማንን ጠቅሞ ማንን እንደጎዳ አይነገርም። "ምንድን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ "ተፈጥሯዊ ነው!" የዛሬው ጠቤ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ጋር ነው።

እስቲ ወደ ዋጫ እንሂድ። ዋጫን ለማታውቋት፣ በከፋ ዞን በጨና ወረዳ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን ሲኬድ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ወደ ማጂ የሚሄደው መንገድም የሚነሣው ከእሷ ነው። ዙሪያዋ ጫካ፣ ቡና፣ እንሰት፣ ኮረሪማ፣ ማር ነው። እዚያ ፊቷ በብጉር የተሞላ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እንዳለች እናስብ። (ስም አልሰጣትም፤ ብዙዎቻችንን ናት።) አያቷ "የጫካ ማር ተቀቢ" ይሏታል። ጎረቤት "ሬት ቁረጪና ውኃውን እሺው" ትላለች። አክስቷ እርድ በወተት ትበጠብጥላታለች። አንዷ ጓደኛዋ ሎሚ፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና፣ ሦስተኛዋ የተቀጠቀጠ ጤና አዳም ታዝላታለች። ቀልደኛው አጎቷ "ተዪው፣ ስታገቢ ይጠፋል" ይላል። እሷ ግን ማታ ስልኳን ከፍታ ቴሌግራም ላይ አንድ ዕቃ ታያለች። ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል። "መቶ በመቶ ከዕፅዋት የተዘጋጀ! በሦስት ቀን ውጤት! ያሉበት እናደርሳለን!"

ከእነዚህ መካሪዎች አንዱም ክፉ አላሰበላትም። (የመጨረሻው ስለ እሷ ጭራሽ አላሰበም፤ ያሰበው ስለ ብሯ ነው።) ችግሩ ሌላ ነው። ምናልባት የሚጠቅም፣ ምንም የማያደርግ፣ ፊት የሚያቃጥልና ቆዳ የሚያበላሽ ነገር፣ አራቱም በአንድ ስም ተጠቅልለው ቀረቡላት። ስማቸውም "ተፈጥሯዊ" ነው።

እስቲ እንነጣጥላቸው። ጤና አዳምና ሎሚ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው የሚቆጣ ንጥረ ነገር አለ። ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ቆዳው ሊቃጠል፣ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ሲድን ደግሞ በጠይም ቆዳ ላይ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ያንኑ ጤና አዳም ቡናችን ውስጥ ነክረን ስንጠጣው ኖረናል፤ ምንም አላለንም። ስኒ ውስጥና ፊት ላይ ግን አንድ አይደሉም! ተክሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠቃቀሙ ነው። ለዚህ ነው "ተፈጥሯዊ ነው" ማለት ምንም ማለት ያልሆነው።

አረንጓዴ ቅጠል ወደተሳለበት ዕቃ እንምጣ። ብጉር እንዴት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው "በሦስት ቀን" የሚለውን ሲያነብ ይደነግጣል። ብጉር የቆሻሻ ውጤት አይደለም፤ "የተበላሸ ደም"ም አይደለም። በጉርምስና ሆርሞን ሲጨምር የቆዳ ቅባት ይበዛል፣ የፀጉር መውጫዋ ቀዳዳ ትደፈናለች፣ ውስጧ የሚኖረው ባክቴሪያ ይራባል፣ ከዚያ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይመግላል። የተፈተኑት መድኃኒቶች እንኳ ውጤታቸው በደንብ የሚታየው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ታዲያ በሦስት ቀን ፊት የሚያጠራው ምንድን ነው? በአብዛኛው መልሱ ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የሚባሉት ዓይነቶች። እነዚህ ሐኪም ለሌላ የቆዳ በሽታ በልክ የሚያዝዛቸው ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው። ብጉር ላይ ሲቀቡ ግን መቅላቱን ባንዴ ያጠፉና ቆዳውን ያቀጥኑታል፣ ደም ሥር ያሳያሉ፤ ስትተዋቸው ደግሞ ብጉሩ ብሶ ይመለሳል። ልጅቷም "መድኃኒቱን ስላቆምኩ ነው" ብላ እንደገና ትገዛለች። ለነጋዴው ከዚህ የተሻለ ቢዝነስ ከየት ይገኛል? የተለያዩ አገሮች የቁጥጥር ተቋማት "ከዕፅዋት ብቻ" ተብለው በተሸጡ ክሬሞች ውስጥ መለያው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ ደጋግመው አግኝተዋል። ቅጠሉ ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነበር!

"እሺ፣ ታዲያ የባህል መድኃኒትን እንጣለው ነው የምትለው?" የሚል አይጠፋም። በጭራሽ! እንዲያውም ክርክሬ የተገላቢጦሽ ነው። የአገራችንን መድኃኒት የሚያዋርደው "አትፈትኑት" የሚለው ሰው ነው። ማስረጃዬን ከጃፓን ላምጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጁ ቁጥር ብቻ ሲቀር።)

ጃፓኖች ከቻይና ወርሰው የራሳቸው ያደረጉት "ካምፖ" የሚባል የዕፅዋት ሕክምና አላቸው። ለብጉርም ያዝዙታል። ከሚታዘዙት አንዱ "ጁሚ ሃይዶኩ ቶ" ይባላል፤ ትርጉሙ ወደ "ባለ አሥር ቅመም መርዝ አሸናፊ" ይጠጋል። ከአሥሩ አንዱ የእኛው ዝንጅብል ነው። ቅመራው የሃናኦካ ሴይሹ ነው። ይህ ሰው በ1804 ከዕፅዋት በቀመመው ማደንዘዣ አንዲት የጡት ካንሰር ታማሚን አስተኝቶ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሐኪም ነበር። የባህል ሐኪም ነው፤ ግን የሚሠራውን የሚፈትን፣ የሚጽፍና የሚያስተምር የባህል ሐኪም!

የጃፓን መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሐኪምነት ፈቃድን በምዕራባዊው ሕክምና ላይ ብቻ አድርጎ ካምፖን ወደ ጓሮ ገፍቶት ነበር። እንደኛው! ታዲያ እንዴት ተመለሰ? በለቅሶ አይደለም፤ "ማንነታችን ተነካ" በሚል ፉከራም አይደለም። መጠኑ ተለክቶ፣ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ፣ በፓኬት ታሽጎ ነው። በ1967 የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅመራዎች በጤና መድን ተሸፈኑ፤ በ1976 ብዙ ተጨመሩ፤ ዛሬ 148 ደርሰዋል። ከ2001 ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎች መሠረታዊ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ገብቷል። አንዱ ሐኪም ሁለቱንም ያዝዛል።

አሁን ደግሞ ልብ በሉ። የጃፓን የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2017 ባወጣው የብጉር ሕክምና መመሪያ ውስጥ ካምፖ አለ። ግን የት ነው የተቀመጠው? ፊት ወንበር ላይ አይደለም። ፊት የተቀመጡት አዳፓሊንና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ናቸው። ጁሚ ሃይዶኩ ቶና ሁለት ሌሎች ቅመራዎች "ሌላው ሕክምና ካልሠራ ወይም መውሰድ ካልተቻለ እንደ አማራጭ" ተብለው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ማስረጃቸው ጠንካራ ስላልሆነ። የገዛ አያቶቻቸውን መድኃኒት! ማንም "ባህላችን ተናቀ" ብሎ ሰልፍ አልወጣም። ጉዳቱንም ጽፈውታል። ቅመራው ውስጥ ያለው የሊኮሪስ ሥር ፖታሲየም ሊያወርድና የደም ግፊት ሊጨምር እንደሚችል፣ ሌላው የብጉር ቅመራ ውስጥ ያለው የጋርዴኒያ ፍሬ ለዓመታት ከተወሰደ የአንጀት ደም ሥርን ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። መድኃኒትን ማክበር ማለት ይኼ ነው። ስሙን፣ መጠኑን፣ ጥፋቱንም ጭምር በአደባባይ መናገር!

"እኛ ጃፓን አይደለንም" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን ከፋዎች ነን፣ ቡና እናውቃለን። ከከፋ ጫካ የወጣ ቡና ወደ ገበያ ሲሄድ ምን ይደረጋል? ጥሬው ፍሬ ይታያል፣ ጉድለቱ ይቆጠራል። ከዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ቀማሹ በማንኪያ ማግ አድርጎ ይተፋውና ነጥብ ይሰጣል። ደረጃ ይወጣለታል። "የከፋ ቡና ተፈጥሯዊ ነውና አትቅመሱት፣ አትመርምሩት" የሚል ነጋዴ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቢኖር ይሳቅበት ነበር። ታዲያ ለምንጠጣው ቡና ቀማሽ አቁመን ለምንቀባው መድኃኒት ማንንም ያላቆምነው ለምንድን ነው? ስኒው ከፊታችን ይበልጣል?

መልሶቹን ስለማውቃቸው አንድ በአንድ ልሂድባቸው።

አንደኛው መልስ፦ "ለሺህ ዓመት ተፈትኗል!" ወዳጄ፣ ለሺህ ዓመት መጠቀምና መፈተን ይለያያሉ። በተለይ ብጉር ላይ! ብጉር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አብዛኛው ሰው ላይ ዕድሜ ሲጨምር በራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሊጠፋ ሲል የተቀባው ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። አጎትየው "ስታገቢ ይጠፋል" ያለውም ለዚሁ ነው፤ ጋብቻው ሳይሆን ዕድሜው ነው ያጠፋው። የተጎዱትን ደግሞ ማንም አይቆጥራቸውም። ኮሶን ተመልከቱ። ኮሶ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ሳይቀሩ በመድኃኒት መዝገባቸው አስፍረውት ነበር። ከመጠን ሲያልፍ ግን ዓይን ሊጎዳ እንደሚችል በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ሁለቱንም ያወቅነው የመዘገበ ሰው ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው መልስ፦ "ከተናገርነው ይሰርቁናል!" ይኼኛው ባዶ ፍርሃት አይደለም። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ፤ ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ነበር። ነገሩን ላቦራቶሪ አስገብቶ ለዓለም አስረዳ፤ በ1989 ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ ላይ ፓተንት አወጣና ዓለም አቀፍ ክርክር ተነሣ። ልብ በሉ፣ "የማን ነው?" ብሎ ለመከራከር የተቻለው የኢትዮጵያውያን ዕውቀት መሆኑ በጽሑፍ ስለነበረ ነው። ያልተጻፈ ዕውቀት ሲሰረቅ ማን ይከራከርለታል? ሕግም አለን፦ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዕውቀቱ የማኅበረሰቡ መሆኑንና ከጥቅሙም መካፈል እንዳለበት ይደነግጋል።

ደግሞስ ሌባው ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ? ዕቃው ላይ "የጫካ ዕፅዋት" ብሎ የሚጽፈው የአዲስ አበባ ነጋዴ ለጫካው ሰው ስንት ከፈለ? ጫካውን ጠንቅቀው የሚያውቁት፣ እኛ ግን አብረናቸው ማዕድ ለመቁረስ ስናቅማማ የኖርነው የማንጆ ወገኖቻችን ከዚህ ገበያ ምን አገኙ? "ምስጢር ነው፣ ከተነገረ ይረክሳል" የተባለው ዕውቀት አዋቂው ሲሞት አብሮት ይቀበራል። የሚተርፈው የነጋዴው ማስታወቂያ ነው።

ሦስተኛው መልስ፦ "ድሆች ነን፣ ለምርምር ገንዘብ የለንም።" እዚህ ላይ ነው ብጉር የሚያስደስተኝ! የካንሰር መድኃኒት ለመፈተን ቢሊዮኖች ያስፈልጋሉ። ብጉር ለመፈተን ግን ጣት ያስፈልጋል፤ ለመቁጠር። ካሜራ፣ ፈቃደኛ ወጣቶች፣ አሥራ ሁለት ሳምንት። አይገድልም፣ በዓይን ይታያል፣ ይቆጠራል። አውስትራሊያውያን የአገራቸውን የ"ቲ ትሪ" ዘይት በ1990 ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር አወዳደሩት፤ በ124 ሰዎች ላይ። ዘይቱ ሠራ፤ ፍጥነቱ ቢያንስም የሚያስከትለው የቆዳ መቆጣት አነስ ያለ ነበር። ኢራናውያን በ2014 የሬት ጄል ከትሬቲኖይን ጋር አጣምረው በ60 ሰዎች ላይ ለስምንት ሳምንት ሞከሩት፤ ጥምረቱ ትሬቲኖይን ብቻውን ከሚሠራው የተሻለ ሆነ። ስለዚህ የጎረቤታችን ሬት ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም፤ ግን ብቻውን ሳይሆን አጋዥ ሆኖ ነው።

ማርስ? እዚህ ላይ የከፋ ሰው ይከፋው ይሆናል። ኒውዚላንዳውያን ማራቸውን እንደኛው ይወዱታል። የካኑካ ማራቸውን በ136 ሰዎች ላይ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ፈተኑት፤ ውጤቱ በ2016 ታተመ። ማሩ ለብጉር መጥቀሙን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ምን ሆኑ? ማራቸው ወደቀ? አልወደቀም፣ ዛሬም ይሸጣሉ። ያገኙት እውነቱን ነው። የእኛ የጫካ ማር ደግሞ ሌላ አበባ የቀሰመ ሌላ ማር ነው፤ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። የሚያውቀው የፈተነ ብቻ ነው።

የእነዚህ ጥናቶች ተሳታፊዎች ቁጥር ሁለት ሦስት የመማሪያ ክፍል ቢሞላ ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ጎረቤት ጅማ የሕክምናና የፋርማሲ ትምህርት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከፋ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበ ጫካ አለው። አዲስ አበባ ደግሞ የባህል መድኃኒት ምርምር ክፍል ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ ስመ ጥሩው የቆዳ ሕክምና ማዕከል አለርት ግቢ ውስጥ ይገኛል። ቅጠሉን የሚመረምረውና ቆዳውን የሚያክመው ጎረቤታሞች ናቸው! አንድ ቡና አብረው ቢጠጡ ነገሩ ይጀመር ነበር። የባህል መድኃኒታችን የመጀመሪያ ፈተና ብጉር ይሁን፤ ካለፈ ወደ ከባዱ ይሂድ፣ ከወደቀም ማንም ሳይሞት ትምህርት እናገኝበታለን።

ነጭ ጋዋን ለባሾችም አትሳቁ፤ ተራችሁ ደርሷል። "ይኼን ቅጠላ ቅጠልሽን ጣዪ!" ብላችሁ የምታሸማቅቋት ልጅ ቅጠሉን አትጥልም። የምትጥለው እናንተን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደተቀባች አትነግራችሁም፤ ክሬሙ ውስጥ ስቴሮይድ እንዳለ ሳታውቁ ሌላ መድኃኒት ታዝዛላችሁ። የአበው ተረት አሁን ሠራ! በሽታዋን ሳይሆን ቅጠሏን እንድትደብቅ ያደረጋችኋት እናንተ ናችሁ። "ምን ተቀባሽ? አምጪና እንየው" ማለት ስንት ደቂቃ ይወስዳል?

እስከዚያው ድረስ ለዋጫዋ ልጅና ለመሰሎቿ፦ ፊትሽን በለስላሳ ሳሙና በቀን ሁለቴ መታጠብ ይበቃል፣ አትፈግፍጊው፣ አታፍርጪው። ፋርማሲ ሄደሽ ስለ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና አዳፓሊን ጠይቂ፤ እርጉዝ ከሆንሽ ቀድመሽ ተናገሪ፣ የማይሰጡሽ መድኃኒቶች አሉ። ሁለት ሦስት ወር ታገሺ። ካበጠ፣ ካመመ፣ ጠባሳ ከተወ ጤና ተቋም ሂጂ። ያንን አረንጓዴ ዕቃ ለወራት ስትቀቢ ከቆየሽ ዕቃውን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ እንዴት እንደምታቆሚው ይንገርሽ። አፍረሽ ግን እንዳትቀሪ፤ ማፈር ያለበት ሻጩ ነው።

ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። ለፊት የሚሸጥ ማንኛውም ዕቃ፣ ቅጠል ተብሎም ሆነ ክሬም፣ አምስት ነገር ይጻፍበት፦ ስሙ፣ ይዘቱ፣ መጠኑ፣ አዘጋጁ፣ ጉዳቱ። ያልጻፈ አይሸጥ። ቴሌግራም ላይም ቢሆን! እውነተኛው የባህል ሐኪም ከዚህ ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ከአጭበርባሪው ይለይለታል። የሚጎዳው ክዳን ላይ ቅጠል ስሎ ውስጡን ስቴሮይድ የሚሞላው ነው።

እኛ በሽታችንን ደብቀን አናውቅም፤ ፊታችን ላይ ነው ያለው። አሁን ተራው የመድኃኒቱ ነው። ይናገር!